ሳቅና ቁስል፦ ልዩ ድጋፍ የሚሻ ልጅ ባለበት ቤት



ስለ ቤተሰብ በምንጽፍባቸው ገጾች ስለ ጋብቻ ታማኝነት፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤተሰብ ጸሎት መናገር የተለመደ ነው። በዚህ እትም ግን ብዙውን ጊዜ በዝምታ ስለምናልፈው ቤት ልንናገር ወደድን። ይህም ቤት በአእምሮው ወይም በአካሉ እንደ እኩዮቹ ያላደገ፣ ልዩ ድጋፍ የሚሻ ልጅ ያለበት ቤት ነው። የዚህ ቤት ነገር ሲነሣ ከንፈር መምጠጥ ልማዳችን ነው። እኛ ግን በዚህ ትምህርት ስለ ሳቅ እንነጋገራለን። ቧልት የፈለግን አይምሰላችሁ፤ ፍቅር በዚያ ቤት መኖሩ ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱ ሳቅ መሆኑን በአገልግሎታችን ዘመን ስላየን ነው። ሳቅ ሁሉ ግን አንድ አይደለም፤ የሚያክም አለ፣ የሚያቈስልም አለ። የትምህርታችን ዓላማ ሁለቱን ለይተን እንድናውቅ ነው።

1. አንድ ቃል በሁለት ጆሮ

ከሐረር ተነሥቶ ባቢሌን አልፎ፣ የማርዳን መተላለፊያ የወረደ መንገደኛ ሰፊ ሜዳና ነፋስ ይቀበለዋል፤ ከፊቱም ጅጅጋ አለች። በዚህች ከተማ ሶማሊኛ፣ አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ግቢ ውስጥ ይሰማሉ። ምእመናኖቻችን በቍጥር ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኛው ጎረቤታቸው ሙስሊም ነው። የምንተርከው በዚያ ከሚኖሩ ቤተሰቦቻችን በአንዱ የሆነውን ነው፤ ሌሎች ይማሩበት ዘንድ ፈቅደውልናልና ስማቸውን ሳንጠቅስ እንናገራለን።

ባልየው በቶጎ ውጫሌ መንገድ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ቤተሰቡ ከመሃል አገር ወደ ጅጅጋ በመጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ሦስተኛ ልጃቸው ዳውን ሲንድሮም እንዳለበት ሐኪም ነገራቸው። እናቲቱ ልጁን ትወደው ነበር፤ ነገር ግን ታፍርበት ነበር። እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ታስገባዋለች። ወደ ቅዳሴም ስትመጣ ሁለቱን ታላላቆች ብቻ ይዛ ትመጣለች። ስለ ሦስተኛው ስንጠይቃት «ተኝቷል» ትለን ነበር። ለብዙ እሑዶችም ተኝቶ ቆየ።

ልጁ አራት ዓመት ሲሞላው አንድ ቀን በሩ ሳይዘጋ ተረሳና ወደ ግቢው ወጣ። በግቢው የሚኖሩ አንዲት የሶማሊ አዛውንት ከደጃቸው ተቀምጠው ነበር። ልጁ ጫማቸውን አነሣና ግራውን በቀኝ፣ ቀኙን በግራ አድርጎ ተጫማ፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮም ልክ እንደ እርሳቸው ጎንበስ እያለ በፊታቸው ተራመደ። አዛውንቷ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁና «ቆሶል! ቆሶል!» እያሉ ጮኹ። እናቲቱ ከቤት ሆና የሰማችው ግን «ቁስል! ቁስል!» ሲባል ነው። ልጄን በሕመሙ ሰደቡት ብላ እያለቀሰች ሮጣ ወጣች፤ ልጁንም ነጥቃ ገባች፤ ለአንድ ሳምንት ያህልም ከጎረቤቷ ጋር ሰላምታ አልተለዋወጠችም።

ነገሩን የገለጠችው በትምህርት ቤት ሶማሊኛ የለመደችው ታላቂቱ ልጅ ናት። «እማዬ፣ ቆሶል ማለት እኮ በሶማሊኛ ሳቅ ማለት ነው» አለቻት። እናቲቱ ጥቂት ዝም ብላ ቆየች፤ ከዚያም ሳቀች። ያን ዕለት ቡና አፍልታ አዛውንቷን ጠራች፤ ልጁም በዚያ ግቢ «ቆሶል» የሚል ስም ወጣለት። ይህን የነገረችን እርሷ ራሷ ናት፤ ስትነግረንም እየሳቀች ዕንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግ ነበር። «አባ፣ ጎረቤቴ ሳቅ ብላ የጠራችውን ልጅ እኔ ወላጅ እናቱ ቁስል ብዬ ሰማሁት» አለችን።

በሚቀጥለው እሑድ ሦስቱም ልጆች በቅዳሴ ተገኙ።

2. የሣራ ሁለት ሳቆች

በቅዱስ መጽሐፍ ስለ ሳቅ ከሚናገሩ ታሪኮች ዋነኛው በድንኳን የሚኖሩ አርብቶ አደሮች ታሪክ ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 18ን ክፈቱ። አብርሃም በቀትር ሙቀት በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ ሦስት እንግዶች ይመጣሉ፤ እርሱም እንጀራ አስጋግሮ፣ ጥጃ አሳርዶ፣ እርጎና ወተት ያቀርብላቸዋል። በሶማሊ ገጠር ለእንግዳ ወተት ሲቀርብ ያየ ሰው ይህን ንባብ ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። እንግዳው ሣራ ወንድ ልጅ እንደምትወልድ ሲናገር ሣራ ከበስተኋላ ሆና በልብዋ ሳቀች። ይህ የደስታ ሳቅ አይደለም፤ ብዙ ጠብቃ ተስፋ የቈረጠች ሴት ሳቅ ነው። አገራችን «ጥርስ ባዳ ነው» የምትለው ዐይነት ነው፤ ልብ ሲያለቅስ ጥርስ ይገለጣልና። ስለ ሳቋ በተጠየቀች ጊዜም ፈርታ ካደች።

ሁለተኛው ሳቅ በምዕራፍ 21 ይገኛል። ልጁ ከተወለደ በኋላ ሣራ እግዚአብሔር ሳቅ እንዳደረገላትና የሚሰማም ሁሉ ከእርሷ ጋር እንደሚስቅ ተናገረች። የልጁም ስም ይስሐቅ ሆነ፤ ትርጓሜው «ይስቃል» ማለት ነው። እግዚአብሔር በመጀመሪያው ሳቅ ምክንያት ሣራን አልቀጣትም፤ ይልቁንም ያንኑ ሳቅ ወስዶ ለልጁ ስም አደረገው።

«ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? ሣራ የወለደችው እኮ ጤናማ ልጅ ነው» የሚል ወላጅ ይኖራል። እውነት ነው። ስለዚህ «ታገሡ፤ ልጃችሁም አንድ ቀን እንደ ሌሎቹ ይሆናል» ብለን ቃል አንገባም፤ እንዲህ ያለ ቃል የመግባት ሥልጣን አልተሰጠንም። ከሣራ የምንማረው ሌላ ነው። መራራውን ሳቅ የሰማ አምላክ አልተቈጣም፤ ጠየቃት እንጂ። ወላጆችም በእግዚአብሔር ፊት ኀዘናቸውን፣ ቍጣቸውንና ድካማቸውን መደበቅ አይገባቸውም። ከመጀመሪያው ሳቅ ወደ ሁለተኛው የሚያደርሰው መንገድ ጊዜ ይወስዳል፤ እኛ ካህናትም በስብከት ልናሳጥረው አንችልም።

ይህን የተማርነው ተሳስተን ነው። በአገልግሎታችን መጀመሪያ ዓመታት ሴት ልጇ መቆምም መናገርም የማትችል እናት ለመጠየቅ ሄድን። ምን እንደምንል ጨነቀንና «እግዚአብሔር የሚወደውን ይፈትናል» አልናት። እርሷም ልጅቷን እያጎረሰች ሳለ ቀና ብላ «አባ፣ ታዲያ ፍቅሩን ትንሽ ለጎረቤትም ቢያካፍል ምን ነበረበት?» አለችን። የምንመልሰው አጣን። መጀመሪያ እርሷ ሳቀች፤ ቀጥሎ እኛም ሳቅን። ልጅቷም ስንስቅ አይታ ሳቀችና ያጎረሰቻትን ገንፎ በልብሳችን ላይ ረጨችው። ከዚያ ወዲህ ያንን ቃል ደግመን አልተጠቀምንበትም። ወደዚህ ቤት የሚሄድ ሰው የተዘጋጀ ማጽናኛ ይዞ ከሚሄድ ይልቅ ማንኪያውን ተቀብሎ ቢያጎርስ ይሻላል።

3. «የማን ኃጢአት ነው?»

ቤትን ከሳቅ ከሚከለክሉት ነገሮች የመጀመሪያው በደለኛን መፈለግ ነው። እናት በባል ዘመዶች ትወቀሳለች፤ ባል አያቶቹ የፈጸሙትን በደል ያስባል፤ ጎረቤት እርግማን፣ ቡዳ ወይም ጂኒ ነው ይላል። ደቀ መዛሙርትም ዐይነ ስውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ እርሱ ወይስ ወላጆቹ ኃጢአት እንደ ሠሩ ጌታን ጠይቀው ነበር (ዮሐንስ ምዕራፍ 9)። ጌታ ሁለቱንም ሐሳብ ዘጋ፤ እርሱም ወላጆቹም በደለኞች እንዳልሆኑ ተናገረ። ይህ ከጌታ አፍ የወጣ ፍርድ ስለ ሆነ ማንም ክርስቲያን ይግባኝ ሊልበት አይችልም።

ሳይንስም በበኩሉ ይህንኑ የሚያስረዳ ዕውቀት ሰጥቶናል። እ.ኤ.አ. በ1959 ዠሮም ለዠን፣ ማርት ጎቲየ እና ሬሞን ቱርፐን የተባሉ የፈረንሳይ ሐኪሞች ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ልጆች እንደ ሌላው ሰው 46 ሳይሆን 47 ክሮሞዞም እንዳላቸው አስታወቁ። ትርፉ ክሮሞዞም በቍጥር 21ኛው ነው። ይህም የሚሆነው በፅንሱ መጀመሪያ ላይ ነው፤ እናት ያየችው፣ የበላችው ወይም ያዘነችው ነገር አያመጣውም። ዠሮም ለዠን አማኝ ካቶሊክ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውንም ለእነዚህ ልጆች ሰጡ፤ ቤተ ክርስቲያንም እ.ኤ.አ. በጥር 2021 የጀግንነት ክርስቲያናዊ ሕይወታቸውን መስክራ ክቡር ብላ ሰይማቸዋለች።

ኦቲዝምም እንዲሁ በአንጎል አስተዳደግ ላይ የሚታይ ልዩነት ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እናት ፍቅር ስለ ነፈገችው ነው የሚሉ ምሁራን ነበሩ፤ ይህ ስሕተት መሆኑ ከተረጋገጠ ቆይቷል። ሴሬብራል ፓልሲ የሚባለው ደግሞ አንጎል ከልደት በፊት፣ በወሊድ ጊዜ ወይም ጥቂት ቆይቶ በደረሰበት ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ነው። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ በደለኛ መፈለጉን ተዉት። የተጠመቀ ልጅ ቤታችሁ ውስጥ አለ፤ ኃይላችሁን ለእርሱ ስጡ። ወደ ሐኪምም ውሰዱት። ለመስማት የተቸገረ፣ የልብ ሕመም ያለበት ወይም የሚጥል በሽታ የሚያሠቃየው ልጅ ሕክምና ሲያገኝ ብዙ ሊሻለው ይችላል። ጸሎትና ሐኪም ተፎካካሪዎች አይደሉም።

4. አብሮ መሳቅና መሳለቅ

የሶማሊ ሕዝብ ለሰው ቅጽል ስም ማውጣት ይወዳል፤ በቋንቋቸው «ናናይስ» ይሉታል። ስሙም ብዙ ጊዜ ከሰውየው አካል ይነሣል። የቀድሞው የሶማሊያ መሪ ዚያድ ባሬ «አፍወይኔ» ይባሉ ነበር፤ ትልቅ አፍ ማለት ነው። እኛ ግራኝ የምንለውን ኢማም አሕመድን እነርሱ «ጉሬይ» ይሉታል፤ እርሱም ያው ግራኝ ማለት ነው። አንካሳው፣ ድንኩ፣ ጆሮ የማይሰማው ሁሉ በዚሁ ይጠራል። አማርኛ ተናጋሪዎችም ከዚህ የጸዳን አይደለንም። እንዲህ ያለ ስም አንዳንድ ጊዜ ሰውን እንደ ቤተኛ የመቁጠር ምልክት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ዕድሜ ልክ የማይድን ቁስል ነው። «ጅል»፣ «ዕብድ»፣ «ድንዝዝ» እየተባለ ያደገ ልጅ ስሙን ከመስማቱ የተነሣ እንደዚያ መሆኑን ያምናል።

እንግዲህ የሚያክመውን ሳቅ ከሚያቈስለው በምን እንለየው? ሦስት መመዘኛዎችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ልጁ አብሮ ይስቃልን? «ቆሶል» የተባለው ሕፃን ጫማውን አጣምሞ ሲራመድ ከአዛውንቷ ይልቅ እርሱ ይስቅ ነበር። ልጁ ሳይስቅ ሌሎች ብቻ የሚስቁበት ጨዋታ ጨዋታ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ያንኑ ነገር እናቱ ባለችበት እንናገረዋለንን? እናት ስትገባ የሚቋረጥ ሳቅ ስለ ራሱ መስክሯል።

ሦስተኛ፣ ከሳቁ በኋላ ልጁ ወደ እኛ ይቀርባል ወይስ ይሸሻል? የፍቅር ሳቅ ያቀራርባል፤ ፌዝ ያርቃል።

በእነዚህ መመዘኛዎች የሚያልፍ ሳቅ በብዙ ቤቶች አለ። ኦቲዝም ያለባት አንዲት ልጅ ቤታቸው ማኅበር በተሰበሰበ ቁጥር በደጃፍ የተቀመጠውን የእንግዶች ጫማ በቀለሙ ትደረድረው ነበር። ግራና ቀኙ እየተለያየ እንግዶቹ ሲወጡ ትልቅ ፍለጋ ይሆናል። አባትዋ መጀመሪያ ይቈጣና ይቅርታ ይጠይቅ ነበር። በኋላ ግን «ንብረት ክፍላችን ጫማችሁን ቈጥራ ተረክባለች፤ በፊርማ ውሰዱ» ማለት ጀመረ። እንግዶቹ ሳቁ፤ ልጅቷም ጫማውን ለየባለቤቱ ማቀበል ተማረች። ዛሬ በዚያ ቤት የሁሉንም እንግዳ ጫማ የምታውቅ እርሷ ናት። የአባትዋ ቀልድ ለልጅቷ ሥራ ሰጣት፤ ለእንግዶቹም ፍርሃታቸውን አስወገደላቸው።

እኛንም የነካ አለ። ከላይ የጠቀስነው ልጅ ካደገ በኋላ በአንድ እሑድ ስብከታችን በመካከሉ ሲረዝም ከፊት ወንበር ሆኖ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አሜን!» አለ፤ አማተበና ለመሄድ ተነሣ። እናቱ ልትደበቅ ደረሰች። ሕዝቡ ሳቅን ያፈነው እኛን አክብሮ ነው። እኛ ግን ሰዓታችንን አየን፤ ልጁ ትክክል ነበር።

5. ከዓለምና ከአገራችን የምንማረው

የፈረንሳዩ ጄኔራል ሻርል ደ ጎል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1966 ጅቡቲንና አዲስ አበባን ሲጎበኙ ያዩዋቸው ሰዎች ቁመተ ረጅምና ፊታቸው የማይፈታ ሰው መሆናቸውን ያስታውሳሉ። እኒሁ ሰው እ.ኤ.አ. በ1928 የተወለደች አን የምትባል ዳውን ሲንድሮም ያለባት ልጅ ነበረቻቸው። ስሜታቸውን ለማንም የማይገልጡት ጄኔራል ለአን ይዘፍኑላት፣ ይጨፍሩላት፣ ያስቋት ነበር። እርሳቸውና ባለቤታቸው ወደ ሌላ ስፍራ አልሰደዷትም፤ በቤተሰቡ መካከል አሳደጓት። እንደ እርሷ ላሉ ልጆችም በስሟ ተቋም አቆሙ። አን እ.ኤ.አ. በ1948 በ20 ዓመቷ ዐረፈች፤ እርሳቸውም በ1970 ሲሞቱ በፈቃዳቸው ከጎኗ ተቀበሩ።

በአገራችንም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ባጡ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ «ጆይ» የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል አቋቋሙ። ጆይ ማለት ደስታ ነው። ብዙዎች እርግማን የሚሉትን ነገር በደስታ ስም መጥራት እምነትና ድፍረት ይጠይቃል። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ቢያርፉም በእርሳቸው ምክንያት ብዙ ወላጆች ልጃቸውን ከጓዳ አውጥተዋል። የቀድሞው ጄኔራልና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ አቶ አባዱላ ገመዳም ዳውን ሲንድሮም ያለባት ልጅ አባት መሆናቸውን በአደባባይ ተናግረዋል፤ በልጃቸው ስም የተሰየመው ዲቦራ ፋውንዴሽንም እንደ እርሷ ያሉትን ለመርዳት ቆሟል። አባቶች ሆይ፣ ጄኔራሎች ያላፈሩበትን እኛ ስለምን እናፍርበታለን?

አንድ ምሳሌ እንጨምር። እ.ኤ.አ. ኅዳር 28 ቀን 2018 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በቫቲካን ሕዝቡን ተቀብለው ሲያስተምሩ መናገር የማይችል አንድ የአርጀንቲና ሕፃን ወደ መድረኩ ወጣ። የዘበኛውን እጅ ይዞ ጎተተ፤ በቅዱስነታቸው ወንበር ዙሪያም ይጫወት ጀመር። እናቱ ልትወስደው ብትሮጥ እርሳቸው እንዲተዉት አደረጉ፤ አርጀንቲናዊ ስለ ሆነ ሥርዓት አይገዛውም ብለውም በአገራቸው ሰው ቀለዱ። ከዚያ በኋላ ግን ለሕዝቡ ይህ ልጅ መናገር ባይችልም መግባባት እንደሚችል፣ ነጻም እንደ ሆነ ገለጡ፤ እኔስ በእግዚአብሔር ፊት እንደዚህ ነጻ ነኝን ብለውም ራሳቸውን ጠየቁ። እኒህ አባት እ.ኤ.አ. በ2025 ቢያርፉም የዚያ ቀን ትምህርታቸው ከእኛ ጋር አለ። መጀመሪያ መሳቃቸውን፣ ቀጥሎም ከተሳቀበት ልጅ መማራቸውን ልብ በሉ።

6. ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

«ይህ ልጅ ጥያቄና መልሱን በቃሉ ማጥናት አይችልም፤ እንዴት ለቅዱስ ቍርባን ላዘጋጀው?» የሚል ጥያቄ ከእናንተ ብዙ ጊዜ ይቀርብልናል። የቤተ ክርስቲያን መልስ ግልጽ ነው። ሕገ ቀኖና በቍጥር 777 አካላቸው ወይም አእምሮአቸው ለተጎዳ ሁሉ ሁኔታቸው በፈቀደ መጠን ትምህርተ ክርስቶስ እንዲሰጥ ቆሞሱን ያዝዛል። በቍጥር 913 ለመጀመሪያ ቍርባን የሚፈለገው ልጆች ምሥጢሩን እንደ አቅማቸው መረዳታቸው መሆኑን ይናገራል። «እንደ አቅማቸው» የሚለውን አስምሩበት። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የትምህርተ ክርስቶስ መመሪያም በቍጥር 272 አካል ጉዳተኞችን ምሥጢራት መከልከል ለማንም እንደማይፈቀድ ያስተምራል።

ቅዱስ ፍራንሲስ ዘሳል በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጄኔቫ ጳጳስ ሳለ ማርቲን የሚባል መስማት የተሳነው ወጣት አገኘ። ይህ ሰው አይማርም ብሎ አላሰናበተውም፤ በእጅ ምልክት ሃይማኖትን አስተምሮ ለቅዱስ ቍርባን አበቃው። ስለዚህም ዛሬ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ጠባቂ ይባላል። ጳጳስ ለአንድ ሰው ጊዜ ካገኘ እኛም እናገኛለን።

በተግባር እንዲህ አድርጉ። ትምህርቱን አጭር አድርጉት። ቃል ብቻ አትጠቀሙ፤ ሥዕል፣ ሻማ፣ ዳቦ፣ ውሃ፣ ዜማ አምጡ። በየሳምንቱ ያንኑ ቦታና ያንኑ ጸሎት ጠብቁ፤ ብዙዎቹ ልጆች በተለመደ ሥርዓት ይረጋጋሉና። ከእኩዮቹ አንዱን ጓደኛ አድርጉለት። ልጁ የሚያስቅ ነገር ሲያደርግም አብራችሁ ሳቁ፤ ሌሎቹ ልጆች መሳለቅ ሲጀምሩ ግን ወዲያው አቁሟቸው። ክፍሉ ይህን ልዩነት የሚማረው ከእናንተ ፊት ነው።

7. ሳቅ ብቻውን የማይበቃበት

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። እነዚህ ወላጆች ሌሊት የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፤ «ከእኔ በኋላ ማን ያየዋል?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ በቀልድ ማለፍ አይቻልም። በጅጅጋ፣ በቀብሪ በያህ ወይም በቶጎ ውጫሌ የሚኖር ወላጅ አዲስ አበባ ያሉትን ማዕከላት ለማግኘት ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ አለበት። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ ስምምነቱም ለእነዚህ ልጆች የመማር መብት ይሰጣል። መብቱ በየቀበሌው እስኪደርስ ድረስ ግን ልጁ ዛሬ መብላት፣ መታጠብና መጫወት አለበት።

ዳዊት በነገሠ ጊዜ ከሳኦል ቤት የተረፈ ሰው እንዳለ ጠየቀ። ሜምፊቦስቴ የተባለው የዮናታን ልጅ በአምስት ዓመቱ ከሞግዚቱ እጅ ወድቆ ሁለት እግሩ ሽባ ሆኖ በሩቅ ስፍራ ይኖር ነበር። ንጉሡ ልኮ አስመጣው፤ የአባቱን ርስት መለሰለት፤ ሁልጊዜም በማዕዱ እንዲበላ አደረገው (2ሳሙኤል ምዕራፍ 9)። «ወዴት ነው?» ብሎ መጠየቅና ልኮ ማስመጣት የቁምስናው ሁሉ ሥራ ነው። የእማሆይ ተሬዛ እኅቶችም እ.ኤ.አ. በ1973 ወደ አገራችን ከገቡ ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና በሌሎች ከተሞች ማንም ያልጠየቃቸውን ሲቀበሉ ኖረዋል። ሁሉን ለእኅቶች መተው ግን አይገባንም።

ስለዚህ እያንዳንዱ ቁምስና ሦስት ነገር ቢያደርግ እንላለን። በመጀመሪያ፣ በአካባቢው ያሉትን እነዚህን ልጆች በስም ይወቅ። ሁለተኛ፣ እናት ገበያ፣ ሐኪም ቤት ወይም ንስሓ መሄድ እንድትችል በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ከልጁ ጋር የሚውል ሰው ይመደብ። ሦስተኛ፣ ወላጆች በሕይወት ሳሉ ከእነርሱ ጋር ተቀምጦ ስለ ልጁ የወደፊት ኑሮ ከወንድሞቹ፣ ከዘመዶቹና ከክርስትና አባቱ ጋር ይመካከር። የክርስትና አባትነት የበዓል ስጦታ ብቻ አይደለም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት «የፍቅር ሐሴት» በተሰኘው ሐዋርያዊ ምክር በቍጥር 47 እነዚህን ቤተሰቦች እጅግ አድንቀዋል። አድናቆቱ መልካም ነው፤ የሚደነቅ ሰውም ግን ይደክመዋል።

እናቲቱ ከጥቂት ጊዜ በፊት ስታነጋግረን «አባ፣ አሁን ሌሊት ሳስብ ፍርሃቴ ቀንሷል» አለችን። ምክንያቱን ጠየቅናት። ጎረቤቷ አዛውንት የልጅ ልጆቻቸውን ሰብስበው «ይህ ልጅ የዚህ ግቢ ነው፤ እኔም እናቱም ብንሞት የእናንተ ወንድም ነው» ብለው እንደ ነገሯቸው ገለጠችልን። በሌላ ሃይማኖት የሚኖሩ እናት የፈጸሙትን እኛ የአንድ ጥምቀት ልጆች ሳንፈጽም እንዳንገኝ እንጸልይ፤ እንሥራም።

ለቡድን ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ) በቁምስናችን ወደ ቅዳሴ የማይመጣ «የተኛ» ልጅ አለን? የመጨረሻው ጊዜ የጠየቅነው መቼ ነው?

ለ) በሠፈራችን ለአካል ጉዳተኞች የወጡ ቅጽል ስሞች የትኞቹ ናቸው? በሦስቱ መመዘኛዎች ስንለካቸው ያልፋሉን?

ሐ) ወላጆችን ለማጽናናት የምንናገረው ቃል የትኛው ነው? ለራሳችን ቢነገረን ያጽናናን ነበርን?

መ) በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን መስጠት የሚችል ከመካከላችን ማን ነው?

ጸሎት

ሣራን ያሳቅህ አምላክ ሆይ፣ በመራራ ሳቅ የሚስቁትን አትቈጣቸው፤ ጠይቃቸው። በጓዳ የተደበቁትን ልጆችህን በማዕድህ ዙሪያ አስቀምጥ። እኛ ቁስል ብለን የሰማነውን አንተ በምን ስም እንደምትጠራው አሰማን። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ። አሜን።